ይታይሽ ለብስክሌቶቿ ድንጋይ የተሸከመች ጊዜ

እኛ ልጆች በነበርንበት ዘመን፣ በዚህ በጃቢ ጠህናን አገር ብስክሌት የነበረው አንድ የወባ ሠራተኛ ብቻ ነበር። አንድ ሰው! እሱ በመንደራችን ሲያልፍ ሥራ የሚሠራ አልነበረም፤ አራሹም ሞፈሩን ይዞ ቆሞ ያያል፣ ቄሱም ቆሞ ያያል። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ታማትብ ነበር። "ሁለት ጎማ ላይ ሰው ሳይወድቅ የሚሄደው በምን ኃይል ነው? ይኼ ነገር ጤና የለውም" ትል ነበር። ታዲያ ያቺ እናቴ ተነሥታ እኔን ልጇን፣ ጥምጥሜን ጠምጥሜ ጋቢዬን ደርቤ ብስክሌት ላይ ፊጥ ብዬ ብታየኝ ምን ትል ነበር? አይ ጉድ! እንኳንም አላየችኝ።

እሺ፣ የጣዝማን ነገር አይደል የፈለጋችሁ? ያን ስልክ አቅርበው ልጄ፣ ድምፄ እንደ ድሮው አይደለም። ግን ከመሀል አታቋርጡኝ። ሲያቋርጡኝ እንደምናደድ ታውቃላችሁ።

በቅሎዬ ሞተች። ነገሩ የጀመረው ከዚያ ነው። እኔ እንግዲህ የቅኔ መምህር ነኝ፣ ተማሪዎቼ ያሉት ጅጋ አጠገብ፣ የማገለግልበት ደብር ደግሞ እዚህ ፍኖተ ሰላም፣ እና ኑሮዬ መመላለስ ነው። በቅሎዬ በሞተች ማግስት ማለት ይቻላል ቤንዚን ጠፋ። ያን ጊዜ ታስታውሱታላችሁ፣ ባጃጁ ሁሉ ማደያው በር ላይ ተሰልፎ ሲያንቀላፋ፣ ጋሪ ነጂው ደግሞ ተለምኖ፣ ተለማምጦ፣ ፊቱን አኮሳትሮ ነው የሚመጣው። "የኔታ፣ ፈረሴ ደክሞታል" ይለኛል። እኔስ? እኔ አልደከመኝም?

ታዲያ እንዲህ ስንል ወሬ መጣ። "ቡሬ ላይ አንዲት ልጅ ብስክሌት ትሠራለች፣ ርካሽ ነው፣ ገበሬም ይገዛዋል" የሚል ወሬ። ይታይሽ ትባላለች፣ እዚያው የቡሬ ልጅ ናት፣ ብየዳ ተምራ ሥራ ስታጣ እንደሷ ሥራ ያጡ ልጆች ሰበሰበችና፣ ከከተማው ጽሕፈት ቤት አንድ የቆርቆሮ ሼድ ተሰጣቸውና፣ ጎማውንና ሰንሰለቱን ከሩቅ እያስመጡ ብረቱን ግን እዚያው እየቆረጡ፣ እዚያው እየበየዱ ብስክሌት መሥራት ጀመሩ። ብስክሌቷን "ጣዝማ" አሏት። ጣዝማ ታውቃላችሁ አይደል፣ መሬት ውስጥ የምትሠራዋ ደቃቃ ንብ፣ ማሯ መድኃኒት የሆነው። ስሙን ወደድኩት። እና ገዛሁ።

ወይ መግዛት! መጀመሪያ ቀን ሰንሰለቷ ጋቢዬን ጎረሰችው። ጎረሰችው ስላችሁ ቀልድ አይምሰላችሁ፣ ይዛ አልለቅም አለች፣ መንገድ መሀል ላይ ታስሬ ቀረሁ፣ ተማሪዎቼ ናቸው መጥተው ጋቢዬን ቀድደው ያስለቀቁኝ። እሺ፣ ጋቢ ይተካል ብዬ ቻልኩት። ከዚያ ደግሞ ፍሬኗ አልይዝ አለ፣ በእግሬ መሬቱን እየፋቅሁ ማቆም ለመድኩ፣ እሱንም ቻልኩት። ከዚያ አንድ የገበያ ቀን ወደ ወንዙ የሚወርደውን ቁልቁለት ስወርድ፣ መሪውና የፊት ጎማው የሚገናኙበት ብየዳ፣ እንዴት ልንገራችሁ፣ ቀጭ አለ! መሪው በእጄ ቀረ። ብስክሌቷ ወደ ወንዙ፣ እኔ ወደ ቁጥቋጦው፣ መሪው በእጄ።

ገበያተኛው አይቶ ዝም አይል! አንዷ በርበሬ ሻጭ "ውይ የኔታ፣ ተጎዱ? ደግሞ የያዙት ምንድን ነው?" ትለኛለች። ምን ልበላት? መሪውን እንደ መቋሚያ ይዤ ቆሜያለሁ።

ታዲያ በዚህ ላይ ማን ይድረስ? ጌታሰው። ጌታሰው ማለት የዚህ የፍኖተ ሰላም ብስክሌተኞች አለቃ ነው፤ ከውጭ የመጣች፣ እንደ ሸምበቆ የቀጠነች የውድድር ብስክሌት አለችው፣ ያቺን ጠባብ ቁምጣውን ለብሶ፣ ጥቁር መነጽሩን ሰክቶ፣ ከኋላው ጓደኞቹን አስከትሎ እንደ ነፋስ የሚያልፍ ልጅ ነው። ቆመ። አየኝ። ብስክሌቷን ከወንዙ ዳር አውጥቶ ትከሻዬ ላይ አደረገልኝና ምን አለኝ መሰላችሁ?

"የኔታ፣ ይቺ እኮ የትከሻ ጌጥ ናት። ይሸከሟት እንጂ አይቀመጡባት።"

ጓደኞቹ በሳቅ ሞቱ። ለካ ስሟ ወጥቷል! በየጋራዡ፣ በየጠላ ቤቱ፣ በየመንገዱ ጣዝማን ጣዝማ የሚላት የለም፣ "የትከሻ ጌጥ" ነው የሚሏት፣ ሁሉም እየተሸከመ ወደ ቤቱ ስለገባ። እዚህ ከተማ ውስጥ ጣዝማ ይዞ ከእነ ጌታሰው ጋር መንዳት ነውር ሆኗል። እኔ ይኼንን አላውቅም ነበር። አለማወቄ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

እና ምን አደረግሁ? ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። በማግስቱ አንድ ቡሬ የሚሄድ አይሱዙ አገኘሁና ስብርባሪዬን ከላይ አስጫንኩ፣ ማንኩሳን አልፈን ቡሬ እስክንገባ ድረስ በልቤ የምናገረውን ሳሰናዳ ነበር። ቅኔ እንኳ እንዲያ አድርጌ አሰናድቼ አላውቅም! ሼዱ በር ላይ ስደርስ ልጅቷ የብየዳ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ወጣች። ልትስመኝ ጎንበስ ስትል ነው የጀመርኩት።

"ቆይ! አትሳሚኝ! መጀመሪያ ይኼንን ተቀበይኝ" አልኩና መሪውን በአንድ በኩል፣ ብስክሌቷን በሌላ በኩል እግሯ ሥር ወረወርኩት። "ይኼ ምንድን ነው? እኔ በገዛ እጄ ሞቴን ልግዛ? ጋቢዬን በላች፣ ቻልኩ። ፍሬኗ አይዝም፣ ቻልኩ። አሁን ደግሞ አንገቷ ወልቆ ቁጥቋጦ ውስጥ ጣለችኝ! ሽማግሌ ሰው ነኝ እኮ! ብሞትስ? ተማሪዎቼ 'የኔታን ምን ገደላቸው' ሲባሉ ምን ይበሉ?"

ምን ያላልኩት አለ። ሠራተኞቹ መዶሻቸውን አስቀምጠው ቆመው ያዳምጣሉ። ስጨርስ እሷ አንድ የብረት ክምር ላይ ቁጭ አለችና አለቀሰች። እኔ እንግዲህ የሴት ልቅሶ አልችልም። "ምን ሆንሽ? እኔ ወደቅሁ እንጂ አንቺ አልወደቅሽ" አልኳት።

"የኔታ፣ የነገሩኝ እርስዎ ብቻ ነዎት" አለችኝ።

"እንዴት እኔ ብቻ?"

"ብስክሌት የገዛኝ ሰው ቤት ሁሉ ዞሬ ጠይቄያለሁ። ከዚህ እስከ ሊበን ሄጃለሁ። 'ጣዝማ እንዴት ናት?' ስል 'እግዜር ይመስገን፣ ደህና ናት' ይሉኛል። አንድም ሰው ይኼ ተሰበረ፣ ያ ወለቀ ያለኝ የለም። አብልተው፣ አጠጥተው፣ መርቀው ነው የሚሸኙኝ። ግን ሁለተኛ የሚገዛ ሰው የለም። ለምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ 'እስከ ጥምቀት ሥራችሁ ካልተሻሻለ ሼዱን ለሌላ ማኅበር እንሰጣለን' ብሎናል።"

አያችሁ የኛን አገር ሰው? አያችሁ? ይሉኝታ! ደክማ፣ አቧራ ለብሳ ደጁ ድረስ የመጣችን ልጅ ፊቷን እያየ "ብስክሌትሽ ጉድ ሠራኝ" ይበላት? ነውር ነው። "ደህና ናት" ይላታል፣ ዞር ስትል ግን መንደሩን ሙሉ ያማታል። አያ ቢተው የሚባል አንድ የጅጋ ገበሬ ወዳጄ አለ፣ እሱ ቤት ገብታ ጠይቃዋለች። "እግዜር ይመስገን ልጄ፣ ደህና ናት፣ ትሮጣለች" አላት አሉ። ትሮጣለች! እኔ ያቺን ብስክሌት አውቃታለሁ፤ ከጓሮ ተደግፋ ዶሮ ሰፍሮባታል።

ታዲያ እዚያው የብረቱ ክምር ላይ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። አሰብኩና "ልጄ፣ ይኼ የንግድ ነገር አይደለም፣ ጥል ነው" አልኳት። "አንቺና ብስክሌተኛው ተጣልታችኋል። እነሱ ተበድለናል ብለው ቂም ይዘዋል፣ አንቺ ደግሞ በደልሽን አታውቂውም። ጥል ደግሞ የሚፈታው በሽምግልና ነው። ሽማግሌ ላኪ፣ ድንጋይ ተሸክመሽ ቁሚ፣ ይቅርታ ጠይቂ።"

ወይኔ! ዓይኗ ውስጥ የነበረው እንባ ባንዴ ደረቀ። "እኔ? ድንጋይ? እኔ ሰው ገደልኩ እንዴ የኔታ? የሰው ሀብት ሰረቅሁ? አንድ ሰው የምትሸከም ብስክሌት ሠራሁ፣ እነሱ ጆንያ እየጫኑ፣ በግ እየጫኑ ሰበሯት! እነሱ ናቸው እኔን ይቅርታ መጠየቅ ያለባቸው!"

"እንግዲያው ሼዱን አስረክቢ" አልኳት፣ ጋቢዬን አጣፋሁና ተነሣሁ። እኔም ልበ ደንዳና ነኝ፣ አውቀዋለሁ። ግን በሩ ላይ ሳልደርስ ጠራችኝ።

"የኔታ፣ ድንጋዩ ከባድ ነው?"

"እንደ በደልሽ ነው" አልኳት።

እንግዲህ ሽማግሌ ሆኜ የተላክሁት እኔ ራሴ ነኝ። ተበዳይም፣ ሽማግሌም! እንዲህ ያለ ሽምግልና አይታችሁ ታውቃላችሁ? በየገበያው እየዞርኩ ለጣዝማ ባለቤቶች ነገርኩ፣ ከሁሉ በፊት ግን ጌታሰው ዘንድ ነው የሄድኩት፣ እሱ ካልመጣ ሌላው አይመጣማ። ከብስክሌቱ ሳይወርድ ነው የሰማኝ። "የኔታ፣ ለብስክሌት ዕርቅ? ምን ጉድ ነው ይኼ!" ብሎ ሳቀ። "እኔ ደግሞ ጣዝማ የለኝም፣ ምን ተበደልኩ?" አለኝ። "ስሟን አጥፍተሃል፣ በደለኛ ሆነህ ና" አልኩት። ሳቁ ቆመ። በዕርቁ ዕለት መጣ።

ዕለቱ እሑድ ነበር፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ እዚህ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ ባለው ሜዳ ላይ። ሰዉ ሲመጣ ብታዩት! ጣዝማውን እየነዳ የመጣ አንድ ሰው የለም። ሁሉም ተሸክሞ ነው የመጣ! አንዱ ጎማ የለውም፣ አንዱ ኮርቻውን በገመድ አስሮታል። እነ ጌታሰው ከዳር ሆነው ይጠቃቀሳሉ። ታዲያ በዚያ መሀል ይታይሽ መጣች። ነጠላዋን አደግድጋ፣ ድንጋይ ማጅራቷ ላይ ተሸክማ፣ ጎንበስ ብላ መጥታ ፊታችን ቆመች። ያን ጊዜ የሚስቅ ጠፋ። አገሩ ድንጋይ የተሸከመ ሰው ላይ አይስቅም።

ሥርዓቱን ታውቁታላችሁ። ተበዳይ በሆዱ የያዘውን ሁሉ አውጥቶ ይናገራል፣ አንዲት ነገር አያስቀርም፣ ያስቀረ እንደሆነ ዕርቁ ዕርቅ አይደለም። በዳይ ደግሞ አፉን አይከፍትም። "ግን እኮ አንተ ስለጫንክ ነው" ማለት የለም። ዝም ብሎ መስማት ነው። እኔ ይኼንን ነው የፈለግሁት። ለዚህ ነው ያመጣኋት። ይሉኝታውን የሚሰብር ሌላ ነገር አገራችን ውስጥ የለም።

እና ጀመሩ! በመጀመሪያ ፈራ ተባ አሉ፣ ከዚያ አንዱ "ጎማዋ እሾህ አይችልም" አለ፣ ሌላው ተነሣ "የኋላ ጎማዋ ሽቦ ይረግፋል"፣ ሌላው "ፔዳሏ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል"። አንድ ዲያቆን "ቀሚሴን በላችብኝ" ሲል እኔ ከሽማግሌ ወንበሬ ላይ ሆኜ "ጋቢዬንም!" ብዬ ጮኽኩ፣ አጠገቤ ያሉት ሽማግሌ "ዳኛ ነዎት እኮ የኔታ" ብለው ጎሸም አደረጉኝ። ልጅቷ ድንጋይዋን ተሸክማ ሁሉንም ትሰማለች። ላቧ ይንጠባጠባል፣ ከንፈሯ ግን ይንቀሳቀሳል፣ ትደግመዋለች፣ የሰማችውን በቃሏ ትይዛለች! ተማሪዎቼ ቅኔ ሲቀጽሉ፣ የሰሙትን ሲያጠኑ፣ እንዲያ ነው የሚያደርጉት።

በመጨረሻ አያ ቢተው ቀረ። ተነሣ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። "እኔ እንኳን..." አለ፣ "እኔ እንኳን፣ እግዜር ይመስገን፣ ደህና ናት።"

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። "አንተ ሰውዬ!" አልኩት። "በእግዚአብሔር ደጅ ነው የቆምከው! ይቺ ልጅ ድንጋይ ተሸክማ ደህና ናት ልትባል ነው የመጣችው? ዶሮ ለምን ሰፈረባት ታዲያ?"

"የኔታ፣ እንዴት ብዬ..." አለ፣ መሬት መሬት እያየ። "ቤቴ መጥታ በልታ ጠጥታ የሄደች ልጅ እኮ ናት።"

"ተናገር!"

ታዲያ ተናገረ። ድምፁ ቀጥኖ፣ ከአንገቱ ቀና ሳይል ተናገረ። "በክረምቱ ሚስቴ ሆዷን ታመመች። መኪና የለም፣ ባጃጅ የለም፣ ጋሪውም በጭቃው አልገባም አለ። ከኋላ ያለችው መጫኛ ላይ አስቀመጥኳትና ወደ ሆስፒታል ልወስዳት ጀመርኩ። ግማሽ መንገድ ላይ መጫኛዋ ተገንጥሎ ወደቀች። እሷ ጭቃው ውስጥ ሆና ትጮኻለች፣ እኔ ብስክሌቱን ልያዝ፣ እሷን ልያዝ... ብስክሌቱን ጥዬ እሷን አዝዬ ነው ፍኖተ ሰላም የገባሁት። ዳነች፣ ተመስገን። ግን ያን ቀን ይቺን ልጅ ረግሜያታለሁ። ከዚያ ደግሞ ቤቴ መጣችና 'እንዴት ናት' አለችኝ፣ ፊቷን ሳየው፣ ልጅ ናት፣ ደህና ናት አልኳት።"

ይታይሽ ድንጋይዋን ይዛ ተንበረከከች። አለቀሰች፣ ግን የፊቱ ዓይነት ልቅሶ አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ተነሥተን ድንጋዩን ከማጅራቷ ላይ አወረድንላት። ሥርዓቱ ስለሚፈቅድላት አሁን መናገር ትችላለች፣ እና አንድ ነገር ብቻ ነው የተናገረችው። "መጫኛዋን ለጆንያ እንኳ ብዬ አልሠራሁትም ነበር፣ ለጌጥ ነው የሠራሁት። የታመመ ሰው የሚሄድባት መሆኑን ማንም አልነገረኝም። ከእንግዲህ አውቄያለሁ" አለች።

ይቅር ተባለች። ካሳው ምን ይሁን ሲባል የተሰበረውን ሁሉ ልትጠግን ተስማማች። ያን ጊዜ ነው ጌታሰው ከዳር ሆኖ እጁን ያወጣው። "ጥገና ምን ያደርጋል? ነገም ይሰበራል! ሠሪዋ ራሷ ትንዳት፣ ጆንያ ጭና፣ ከጅጋ እስከ ፍኖተ ሰላም፣ እኛም አብረን እንነዳለን። ብስክሌቷን ሳትሸከም ከገባች እኔ ራሴ 'ጣዝማ' ብዬ እጠራታለሁ" አለ። ሽማግሌው ተነጋገረና "ይሁን፣ ግን በአስፋልቱ አይደለም፣ ገበሬው በሚሄድበት በገጠሩ መንገድ ነው" ብሎ ፈረደ። "በፈለጋችሁበት!" አለ ጌታሰው። ኮራ ያለ ልጅ ነው፣ ነገርኳችሁ።

ከዚያ በኋላ ያ ሼድ እንቅልፍ አልነበረውም። ይታይሽ የሰማችውን ሁሉ አንድ በአንድ ታነሣለች። ፍሬኑ ተቀየረ። ሰንሰለቱ ላይ ጋቢና ቀሚስ እንዳይገባ የቆርቆሮ ክዳን ተሠራለት፣ ያቺን ክዳን እኔ ነኝ የመረቅኋት! አንገቱ በወፍራም ብረት ተበየደ። መጫኛውን ግን ሠርታ ታፈርሰዋለች፣ ሠርታ ታፈርሰዋለች፣ አልወደደችውም። በመጨረሻ አያ ቢተውንና ሚስቱን ቡሬ ድረስ አስመጣቻቸው፣ ሚስቱን ከኋላ አስቀምጣ በሼዱ ዙሪያ፣ በድንጋዩ ላይ፣ በቦዩ ላይ ትነዳለች። "እመይቴ፣ ይሉኝታ የለም፣ ይንገሩኝ" ትላታለች። ሴትዮዋ ደግሞ ከባሏ የተለየች ናት! "ይቆረቁረኛል! ወደ ግራ ያዘነብላል! እግሬን የት ላድርገው?" ትላለች። ለዚህ ነው ዛሬ የጣዝማ መጫኛ የእግር መርገጫ ያለው።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ከጥምቀት በፊት፣ አዝመራው እየተሰበሰበ ያለበት ጊዜ ነው። ጅጋ ላይ ሰው እንደ ንግሥ ቀን ተሰብስቧል። ይታይሽ ከኋላዋ ጆንያ በቆሎ አስጫነች፣ እኔም የታደሰች ጣዝማዬን ይዤ ልሸኛት ተነሣሁ፣ ሽማግሌ ሆኜ ማየት አለብኝ ብዬ። ጌታሰው ያቺን ቀጭን ብስክሌቱን ይዞ፣ ቁምጣውን ለብሶ፣ "ፍኖተ ሰላም ላይ ቁጭ ብዬ ሻይ እየጠጣሁ እጠብቃችኋለሁ" ብሎ ተፈተለከ። ጓደኞቹም ተከተሉት። ባንዴ አቧራቸው ብቻ ቀረ።

እኛ ቀስ ብለን ነዳን። ጉድጓድ ባየን ቁጥር ጆሮዬን ወደ መጫኛዋ አደርጋለሁ፣ ቀጭ የሚል ነገር እንዳልሰማ ብዬ። እሷም ትሰማለች መሰለኝ። አልተሰበረም። ያ እኔን የጣለኝ ቁልቁለት ላይ ስንደርስ "የኔታ፣ ፍሬኑን ይያዙ!" ብላ ጮኸች፣ ያዝኩት፣ ያዘ! በጥምጥሜ እምላለሁ፣ ቁልቁለቱን እንደ ንጉሥ ነው የወረድኩት፣ ያቺ በርበሬ ሻጭ ምነው ባየችኝ ብያለሁ።

ወንዙን ተሻግረን ጥቂት እንደሄድን የጌታሰውን ጓደኞች አገኘናቸው፣ አንዱ ጎማ ይነፋል፣ አንዱ እሾህ ይነቅላል። አለፍናቸው። ዝም ብለን በጨዋ ደንብ "በርቱ" ብለን አለፍናቸው። ጋሪ የቦረቦረው መንገድ ላይ ስንደርስ ደግሞ ራሱ ጌታሰው፣ መንገድ ዳር ቁጭ ብሏል! የፊት ጎማው ጋሪ የሠራው ቦይ ውስጥ ገብቶ እንደ ቆሎ መቁያ ምጣድ ጎብጧል። ጉልበቱ ተልጧል። መነጽሩ የለም።

"ተጎዳህ?" አለችው ይታይሽ፣ ወርዳ።

"ደህና ነኝ" አለ። ወይ ያገሬ ሰው! እግሩ ያብጣል፣ መርገጥ አይችልም፣ ደህና ነኝ ይላል!

"እዚህ ትቼህ ብሄድ ኃጢአት ነው፤ ጆንያዬን ካወረድኩ ደግሞ ፈተናውን አጣሁ" አለችና እኔን አየችኝ። እኔ ምን እላለሁ? "ጌታሰው፣ አንተ ነህ ፈራጁ፣ አንተ ከጆንያው ትከብዳለህ፣ አንተን ከጫነች ይቆጠርላት?" አልኩት። አቀረቀረና "ይቆጠርላት" አለ። ጆንያውን እኔ ከኋላዬ ጫንኩ፣ እሷ ሰውየውን ጫነች። ብስክሌቱን ግን ጥሎ መሄድ አልሆነለትም፣ እንዴት ይሁንለት፣ ዓይኑ ናት። እና ትከሻው ላይ ሰቀላት።

ታዲያ ፍኖተ ሰላም ስንገባ ያለውን ልንገራችሁ? ሰዉ በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ቆሟል፣ ባጃጁ ቆሟል፣ የጋሪ ፈረስ እንኳ ቆሟል። ፊት ይታይሽ፣ ላቧ በፊቷ እየወረደ፣ ከኋላዋ ጌታሰው እግሩን የእግር መርገጫው ላይ አድርጎ፣ ያቺን የውጭ ብስክሌት ትከሻው ላይ አድርጎ። ከዚያ አያ ቢተው፣ ያ አንገቱን የሚደፋው አያ ቢተው፣ ከሕዝቡ መሀል ዘሎ ወጣና በሰፊው ጉሮሮው ጮኸ፦

"የትከሻ ጌጥ መጣች! ኸረ የትከሻ ጌጥ መጣች!"

ጭብጨባው! እልልታው! ጌታሰው መጀመሪያ ፊቱ ቀላ፣ ከዚያ እሱም ሳቀ፣ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ሲወርድ ፊት ለፊቷ ቆሞ፣ ሁሉም እየሰማው፣ "ጣዝማ" አለ። "ጣዝማ ናት።" ለዚህ ነው የምወደው ያን ልጅ፣ ቃሉን አይበላም። ይታይሽ ግን አልሳቀችም፣ ዞራ መጫኛዋን ነው የዳሰሰችው፣ ብየዳውን በእጇ እየነካካች፣ ከዚያ ለአያ ቢተው ሚስት ከሩቅ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች። እኔ ደግሞ ከኋላ ከነጆንያዬ ስመጣ ማንም አላየኝም፣ እሱ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ሼዱ አልተወሰደባትም። ይኸው ዛሬ እስከ ሊበን፣ እስከ ደምበጫ ጣዝማ የሌለበት መንደር የለም፣ ጌታሰውም እዚህ ከተማ የጣዝማ ጠጋኝ ሆኖ ሱቅ ከፍቷል፣ ውድድሩንም አልተወም። ሥራው እንዲህ ያማረው ግን ለምን መሰላችሁ? ይታይሽ በየዓመቱ ከመኸር በኋላ ያን ሜዳ ላይ ሰው ትሰበስባለች። ድንጋይ አትሸከምም አሁን፣ ግን ቆማ ትሰማለች፣ ዝም ብላ። የኛም ሰው ለመደ፣ ያለ ይሉኝታ ይናገራል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሳስተምር እንደዚያ ቀን ያስተማርኩ አይመስለኝም።

ምን? ጠይቅ፣ ጠይቅ፣ አሁን ጨርሻለሁ።

"የኔታ፣ የእርስዎ ጣዝማስ አሁን እንዴት ናት?"

ደህና አይደለችም! ኮርቻዋ ይቆረቁረኛል፣ ደወሏም እንደ ሕፃን ሽንት ጭል ጭል ነው የምትል፣ ማንም አይሰማትም! ነገ በጠዋት ቡሬ ሄጄ ይታይሽ ፊት ቆሜ ነው የምነግራት። ምን ያስቃችኋል? እናንተ፣ ምን ያስቃችኋል?